አባዬን የትኞቹን ቤቶች ላሳየው?

የአናጺው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 40 ዓመት በአናጺነት ሠርቷል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የጭቃ ቤት እያቆመ፣ በርና መስኮት እየገጠመ ነው ያሳደገን። አሁን ለሕክምና እኔ ጋ አዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ቤት መዋል ሰልችቶታል። ፊት ለፊታችን የሚሠራውን ፎቅ ሲያይ ይውላል። ትናንት «ይሄ ሁሉ መስታወት፤ እንጨቱ የት ገባ?» አለኝ።

ቅዳሜ ላወጣው አስቤያለሁ። የድሮ ቤት ይወዳል፣ ዘመናዊውንም እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ጉልበቱን ስለሚያመው ብዙ መሄድ አይችልም። እኔም 11 ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ከቤት ሥራ ከሥራ ቤት ስል አንዱንም በወጉ አላየሁም። ከየት ልጀምር?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
አባትሽን እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውሰጃቸው። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ጥር 2007 እሳት ክፉኛ ጎድቶት ነበር፤ ግን አለ። ደረጃው ላይ ጣውላው ሲንቋቋ ይሰማችኋል። እሳቸው ያንን ድምፅ ያውቁታል።

የእኔ ሰፈር ግን የለም። በ2016 ፈረሰ። ያደግኩበት ቤት በረንዳው የእንጨት ነበር፤ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተፈለፈለ። እናቴ ጎመን የምትቀነጥሰው እዚያ ቁጭ ብላ ነበር። አንድ ፎቶ የለኝም። ስለዚህ እባክሽ የቆመውን ሁሉ ፎቶ አንሺ። በሩን ብቻ ሳይሆን ማጠፊያውንም።

እርሳስና ማስመሪያ፦
ዘመናዊውን ለማየት ብሔራዊ ቴአትር ጋ መቆም ይበቃል። የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ እዚያ ነው። ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃም እዚያው ነው፤ የፈረንሳዊው አርክቴክት የሄንሪ ሾሜት ሥራ። ቀና ስትሉ ደግሞ የዚያው ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት ይታያችኋል፤ በ2014 የተመረቀ፣ 209 ሜትር። እኔ ለክቡ አደላለሁ። ከሰው ቁመት ጋር ይነጋገራል።

አፍሪካ አዳራሽም ነበር፤ አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ በ1953 የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ያለበት። ግን የተመድ ግቢ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። የመዜዲሚን ሌላ ሥራ፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ታዩታላችሁ።

ለአባትሽ ግን ዞማ ሙዚየም እንዳይቀር። መካኒሳ ነው። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ያሠሩት፣ በ2011 የተከፈተ። አዲስ ነው፣ ግን በጭቃና በጭድ ነው የተሠራው።

የአናጺው ልጅ፦
ሄደን መጣን። ተባረኩ!

ጣይቱ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቆመ። እኔ ጉልበቱን አሞት መስሎኝ ነበር። ለካ እጁ መጋጠሚያውን እየፈለገ ነው። «እዚህ ጋ ነው የተጋጠመው፤ ዓይን አያየውም» አለኝ፣ ጣቴን ይዞ አስነካኝ። አንበሳው ጋ ብዙ አልቆየንም፣ ፀሐዩ ከረረ።

ዞማ ግን! ግድግዳው ላይ ጭቃው ተቀርጾ ጌጥ ሆኗል። አባዬ መጀመሪያ በመዳፉ ዳሰሰው፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። «በቅጡ ተብላልቷል» አለ። ለካ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንታት ካልቆየ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ዓመት ልጁ ሆኜ ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ እዚያው ተቀምጦ ያቆማቸውን ቤቶች በየባለቤቱ ስም ይቆጥርልኝ ጀመር። 23 ደረሰ። ማታ ለአጎቴ ደውሎ «ጭቃ ቤት ለማየት ሰው ከፍሎ ይገባል እኮ!» ሲለው ድምፁ ሌላ ነበር።

የዶሮ ማነቂያው ልጅ፣ የጻፍከውን አንብቤለት ነበር። የበረንዳችሁ ጠርዝ ቅርጹ ምን ነበር ይልሃል። ከነገርከው ይስልልሃል፤ እርሳስና ወረቀት ይዞ ተቀምጧል።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ቅጠል ነበር በይልኝ። ሦስት ሦስት ቅጠል ወደ ታች የወረደ፣ በየመሃሉ አውራ ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ። ጣቴን አስገብቼ አውቃለሁ።