«አዋጁ ሊሻሻል ነው» በሚል ምክንያት የቋሚ ሠራተኛን ውል ወደ ስድስት ወር መቀየር ይቻላል?

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጅማ ከተማ በአንድ የማምረቻ ድርጅት የምሠራ ስሆን የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ሰሞኑን የድርጅቱ አስተዳደር ረጅም ዘመን ያገለገሉትን ጭምር አንድ በአንድ እየጠራ አዲስ የሥራ ውል እንዲፈርሙ እየጠየቀ ነው። የውሉ ዘመን ስድስት ወር ሲሆን ሲያበቃ «እንደ ሥራው ሁኔታ ሊታደስ ይችላል» ይላል፤ ስለ ዓመት ፈቃድና ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን «በወቅቱ በሚሠራበት ሕግ መሠረት» ከማለት ያለፈ አንድም ነገር አይዘረዝርም። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሊሻሻል ስለሆነ ከወዲሁ እየተዘጋጀን ነው» የሚል ነው። በስፌት ክፍሉ ያሉት ከማና፣ ከቀርሳና ከሰቃ ጮቆርሳ የመጡ ወጣት ሴቶች በብዛት የሚያነቡት አፋን ኦሮሞ ነው፤ ውሉ የተዘጋጀው ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ በመሆኑ አንዳንዶቹ ምን እንደሚል ሳያውቁ ፈርመዋል። መፈረም ግዴታችን ነው ወይ? ሕጉ በእርግጥ የሚሻሻል ከሆነስ የእኛን የመሰለ ትንሽ ማኅበር ድምፁን በምን መንገድ ሊያሰማ ይችላል?

መልስ፦ የሥራ ክርክር ጠበቃ

ውድ ጸሐፊ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። በምክር ቤት ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ያልወጣ ረቂቅ ሕግ አይደለምና አሠሪው በእርሱ ተመሥርቶ ማንንም ሊያስገድድ አይችልም። ዛሬ የሚገዛችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ከዚህ ውጪ የሚሆነው በአንቀጽ 10 ተለይተው የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሲያጋጥሙ ብቻ ነው፤ እነዚህም ለምሳሌ በፈቃድ ወይም በሕመም የተለየን ሠራተኛ መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ጫና ወይም የወቅት ሥራ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ በማያቋርጥ የስፌት መስመር ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አትገባም፤ በወረቀቱ ላይ «ስድስት ወር» ተብሎ መጻፉም የሥራዋን ባሕርይ አይለውጠውም። የሥራ ውል ከሕጉ፣ ከኅብረት ስምምነቱ (ማኅበሩና አሠሪው ከሚፈራረሙት ስምምነት) እና ከሥራ ደንቡ ያነሰ ጥቅም ሊያስቀምጥ ስለማይችል የፈረሙትም ተስፋ አይቁረጡ። ሆኖም ያልፈረሙት አይፈርሙ። ፊርማ በኋላ በችሎት ፊት «በፈቃዷ ተስማምታለች» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል፤ ያንን በር ለመዝጋት ደግሞ ረጅም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ማኅበሩ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ በድርጅቱ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም በእጁ ያስቀር።

መልስ፦ ጡረተኛ የማኅበር መሪ

ልጄ፣ ጠበቃው ስለ ውሉ የነገሩህ በቂ ነው። እኔ የማክለው ስለ ሕግ ማሻሻያ ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በግልጽ በሚነጠቀው ነገር ሳይሆን ጭማሪ መስሎ በሚመጣው ነው። የዓመት ፈቃድን እንውሰድ። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመር ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ መነሻውን 16 ቀናት አድርጎታል፤ ጭማሪው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሆኗል። ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ብታሰላው አዲስ ገቢው ሁለት ቀን ያተርፋል፣ አምስት ዓመት የሠራው ከቀድሞው ጋር እኩል 18 ቀናት ያገኛል፣ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለው ግን በቀድሞው ስሌት 24 ቀናት ሊደርሰው ሲገባ 21 ብቻ ይደርሰዋል። «ከ14 ወደ 16 አድጓል» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም። በኅብረት ስምምነታቸው ላይ የየዓመቱን ጭማሪ በግልጽ ያስጻፉ ማኅበራት ግን አንድ ቀን እንኳ አላጡም፤ ስምምነቱ ከሕጉ የተሻለ ጥቅም እስከሰጠ ድረስ የሚሠራው ስምምነቱ ነውና። ስለዚህ የእናንተን የኅብረት ስምምነት ዛሬውኑ አውጥታችሁ «በሕጉ መሠረት» የሚል ሐረግ ያለበትን አንቀጽ ሁሉ ለዩ። ቁጥሩን በስምምነቱ ውስጥ ካላስጻፋችሁ ሕጉ በተነካ ቁጥር እናንተም ትነካላችሁ።

በቅንነት ለመናገር ያ ማሻሻያ ለሠራተኛው ያስገኘው ጥቅምም አለ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ሆኗል፤ ለአባትም ሦስት ቀን ተፈቅዷል። በአንጻሩ የሙከራ ጊዜው ከ45 ተከታታይ ቀናት ወደ 60 የሥራ ቀናት ረዝሟል። ረቂቁ ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ዝም ብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የባሰ ሕግ ይወጣ እንደነበር አምናለሁ።

መልስ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ

የአሠሪው ወገንም ይሰማ ዘንድ ጥቂት ልበል። የውጭ ገዢ ትእዛዝ በድንገት ሲቀንስ ድርጅቶች በእርግጥ ይቸገራሉ፤ አጭር ውል የሚመርጡትም ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ አዋጁ ለዚህ ችግር ራሱን የቻለ መንገድ አበጅቶለታል። ሥራ ሲቀንስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በመመካከር ሠራተኛ መቀነስ ይቻላል፤ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው በሥራው የመቆየት ቅድሚያ አላቸው፤ ነፍሰ ጡሮችና የሠራተኛ ተወካዮችም ልዩ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል። ይህን ሥርዓት ዘልሎ ሁሉንም የስድስት ወር ሠራተኛ ማድረግ የንግዱን አደጋ ሙሉ በሙሉ በሠራተኛው ትከሻ ላይ መጫን ነው፤ በሙያዬ የምደግፈው አይደለም።

መልስ፦ የሕግ መምህር

በሌላ አገር የሆነውን ባነሣ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 «ወርክ ቾይስስ» የተባለውን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ መቶና ከዚያ በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩትን አግባብ ካልሆነ ስንብት የሚጠብቀውን ከለላ አነሣ፤ አሠሪው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር በተናጠል በሚፈራረመው ውል ከጋራ መመዘኛዎች ያነሰ ነገር እንዲያስቀምጥም መንገድ ከፈተ። ክልሎቹና ማኅበራቱ ጉዳዩን ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢወስዱትም ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2006 በአምስት ለሁለት ድምፅ ሕጉን አጸናው። ማኅበራቱ ግን በዚህ አላቆሙም፤ ሕጉ በአንዲት እናት፣ በአንድ የመጋዘን ሠራተኛ ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ለሕዝቡ በሚገባ ቋንቋ እያሳዩ ዘመቻቸውን እስከ ቀጣዩ ምርጫ ቀጠሉ። በ2007 በተካሄደው ምርጫ መንግሥቱ ተሸነፈ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድም የራሳቸውን የምክር ቤት ወንበር አጡ፤ በ2009 ሕጉ በሌላ ተተካ። የእኛ ሁኔታ ከዚያ እጅግ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ «መብታችን ይከበር» የሚለው ጥቅል አነጋገር የሚያሳምነው ሰው ጥቂት ነው። «ይህ አንቀጽ እንዲህ ቢለወጥ በስፌት ክፍሉ ሰባት ዓመት ያገለገለችው ሠራተኛ ይህን ያህል ታጣለች» የሚል ጽሑፍ ግን ሕግ አውጪውም ሳይቀር ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

ማኅበራችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። እንዲህ ያለውን ማስረጃ አዘጋጅታችሁ አባል በሆናችሁበት ፌዴሬሽን በኩል ወደ ኮንፌዴሬሽኑ አድርሱት፤ ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ሲሄድ ሠራተኛውን ወክሎ የሚከራከረው እርሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ውሉን በአፋን ኦሮሞ አስተርጉማችሁ በምሳ ሰዓት አንብቡላቸው፤ የማይረዱትን ወረቀት እየፈረሙ ሕግ ተሻሻለ አልተሻሻለም ብሎ መከራከር ትርጉም የለውም።

ጠያቂ፦ የማኅበር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተቃውሞ ደብዳቤውን አዘጋጅተናል፤ ትርጉሙንም አንዲት የሥራ ባልደረባችን ጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ አልፈርምም በማለቷ ከሥራ የምትሰናበት ሠራተኛ ብትኖር ምን ያህል ጊዜ አላት?

መልስ፦ የሥራ ክርክር ጠበቃ

ወደ ሥራ መመለስን የምትጠይቅ ከሆነ ከተሰናበተችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ፣ ያልተከፈላት ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከሆነ ደግሞ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ክሷን ማቅረብ አለባት። ከአሠሪው ጋር የሚደረግ የቃል ድርድር ይርጋውን (የክስ ማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ) አያቆመውም፤ «ትንሽ ታገሡ፣ እናስተካክለዋለን» እየተባለ ሦስቱ ወር ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የስንብት ደብዳቤ ባይሰጣትም ሥራ እንዳትገባ የተከለከለችበትን ቀንና በቦታው የነበሩትን ምስክሮች በዚያው ዕለት ጽፋችሁ አስቀምጡ።