አክስል ጨምሮ ብዙ መጫን ቢፈቀድ ሐረጎ (የደሴ–ኮምቦልቻ ቁልቁለት) ላይ ያዋጣል?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ጀማው። እዚህ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት የተነሳ ክርክር ሳይቋጭ ቀረ። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕጋቸው የከባድ መኪና ጣሪያ ከነጭነቱ 80,000 ፓውንድ ነው፣ ወደ 36 ቶን መሆኑ ነው፣ አብዛኛው አምስት አክስል (ጎማዎቹ የሚገጠሙበት ዘንግ) ያለው። ስድስተኛ አክስል ይጨመርና 91,000 ፓውንድ፣ ማለት 41 ቶን ገደማ ይፈቀድ የሚሉ አሉ። በፈረንጆቹ 2015 የተወካዮች ምክር ቤታቸው በድምፅ ጣለው። ጓደኛዬ ግን «አክስል ከተጨመረማ መንገዱ እንደውም ይቀለዋል፣ እኛም ጋ ይፈቀድ» ባይ ነው። እኔ ደሴ ስመላለስ ተሳቢ ከኋላዬ ከመጣ ጸሎት ነው የምጀምረው። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ቦርከና፦
አስፋልቱን በተመለከተ ጓደኛህ አልተሳሳተም። 36ን ለአምስት ስታካፍለው ለአንድ አክስል 7 ቶን ከምናምን ይደርሰዋል። 41ን ለስድስት ብታካፍለው ከ7 ትንሽ ይወርዳል። አስፋልት የሚጎዳው አንዱ አክስል በሚያሳርፍበት ክብደት ነው። አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ ለሙከራ ብቻ መንገድ ሠርተው ከ1958 እስከ 1960 መኪና ሲያመላልሱበት ከርመው ነው ይሄን ያረጋገጡት፤ የአክስሉ ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በ10 ቶን ፈንታ 13 ብትጭንበት አንዴ አልፈህ የሦስት ጊዜ ያህል ጎዳኸው ማለት ነው።

ድልድይ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ድልድዩ መኪናውን እንዳለ ነው የሚሸከመው፣ አክስሎቹ ተጠጋግተው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አክስል መደርደር ብቻውን አያድነውም።

ባሌስትራ፦
አቦ ይሄን ሾፌር ጠይቁ እንጂ! ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በዚያች ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። እዚያ ላይ የሚይዝህ ከባድ ማርሽና የሞተር ፍሬን ነው፣ የእግር ፍሬኑን እየነካካህ ነው የምትወርደው። አክስል ሲጨመር ፍሬንም አብሮ ይጨመራል፣ እሱን አልክድም። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። ትርፏ 5 ቶን በሙሉ የጎማው ፍሬን ላይ ነው የምትወድቀው፣ እሱ ደግሞ አንዴ ከጋለ ብትረግጠው አይሰማህም፣ ያውም የፍሬን ሸራው አዲስ ከሆነ ነው።

ሌላም አለ። ሦስት አክስል ተጠጋግቶ የተገጠመበት ተሳቢ ይዘህ ጠባብ ኩርባ ስትታጠፍ ጎማው በደንብ አይዞርልህም፣ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተታል። ጎማ በዚህ ዋጋ!

የኮምቦልቻው፦
ሚዛን ላይ አይያዝም እንዴ ትርፍ የጫነው?

ባሌስትራ፦
ይያዛል። ግን ጠቅላላው ልክ ሆኖ አንዱ አክስል አልፎ ሊገኝ ይችላል፣ ጫኞቹ ወደ አንድ ወገን ከቆለሉት በቃ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ጭነት አራግፍ ተብዬ ፀሐይ ላይ ዋልኩ። ባለንብረቱ ስልክ አላነሳ አለ፣ ጫኙም የለም፣ መንጃ ፈቃድ የተጠየቅኩት እኔ። አሁን አክስል ይጨመር ብትሉ ያችኑ አክስል ሰበብ አድርገው ሌላ 50 ኩንታል ነው የሚጨምሩብኝ።

ጦሳ ሥር፦
ደሴዎችንም አስቡን እንጂ። ዋናው መንገድ ከተማችን መሃል ነው የሚያልፈው፣ ባጃጁም ተማሪውም ከባዱም በአንድ መስመር። 41 ቶኑ ፍሬን እንቢ ካለው አክስሉን ማን ቆሞ ይቆጥራል? ለከባዱ ጭነት ደግሞ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ለምን ነበር የተዘረጋው?

ቦርከና፦
@ጦሳ ሥር ሐዲዱ ላይ እስማማለሁ። ግን ባቡርም ቢሆን እህሉን ከጣቢያ እስከ መጋዘን አያደርስልህም፣ ያቺን የሚጨርሳት ያው ተሳቢው ነው። እኔ ብጠየቅ አዲስ ፈቃድ ከመስጠት በፊት ትርፍ ሲገኝ ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ጫኙና ባለንብረቱም እኩል ይቀጡ እላለሁ።

ባሌስትራ፦
ይሄን የጻፍከውን ለባለንብረቴ ልላክለት?