ኢኤስፒ32 ቦርዴ አልነሳም አለ፣ ድረሱልኝ!

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ትናንት ማታ ሲሠራ ያመሸው ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) አሁን አልነሳም ብሏል። ቀይ መብራቱ በርቷል። ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከው ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ የሚታይበት መስኮት) ላይ ግን «ፍላሽ ሪድ ኢረር 1000»፣ ማለትም ኮዱ የተቀመጠበት ፍላሽ ሜሞሪ አልተነበበም፣ እያለ ይደጋግማል፣ ሌላ ምንም የለም። ኮዱን አልነካሁትም። ነገ ጠዋት ፕሮጀክቱን ማሳየት አለብኝ። ተቃጥሎ ነው?

ጃምፐር፦ የዩኤስቢ ገመዱን ቀይር። አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ነው፣ ዳታ አያሳልፍም።

ጠያቂ፦ ዳታ ካላሳለፈ ጽሑፉን በምን አነበብኩት ወንድሜ?

ሚሊቮልት፦ መጀመሪያ መሠረታዊውን እንያዝ። ይሄ ቦርድ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፤ ፒኖቹ (ሽቦ የሚሰካባቸው እግሮች) 5 ቮልት አይችሉም። በ5 ቮልት ከሚሠራው የአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ የመጣ ሰው ሁሌ ይረሳዋል። ዋይፋይ ሲነሳ ደግሞ ከረንቱ ድንገት ይጨምራል። ቢያንስ 500 ሚሊአምፒር የሚሰጥ ምንጭ ይፈልጋል። ዳታሺት (የአምራቹን መግለጫ) ሳያነቡ ሽቦ መሰካት...

ትራንዚስተር፦ መምህር፣ ልጁ ነገ ጠዋት ነው ያለው፣ የሚቀጥለው ሴሚስተር አላለም።

ጃምፐር፦ ለማንኛውም ሌላ ገመድ ይሞከር።

ሰማያዊዋ፦ ምን እየሠራህ እንደሆነም አልነገርከንም እኮ። ዋይፋይ ካላስፈለገህ ኡኖ ይበቃህ ነበር፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግልሃል?

ጠያቂ፦ ፓምፕ በስልክ ማብሪያ ነው። ያለ ዋይፋይ አይሆንም። ዛሬ የጨመርኩት ሪሌዩን (ፓምፑን በቦርዱ ምልክት የሚያበራውን ማብሪያ) ብቻ ነው።

ብየዳ፦ ቆይ፣ «ብቻ» ነው ያልከው? ሪሌዩን የትኛው ፒን ላይ ሰካኸው? 12 ላይ ከሆነ ቦርድህ ደህና ነው። ቺፑ ሲነሳ ፒን 12ን ያያል። ቮልቴጁን ከፍ ብሎ ካገኘው ለፍላሹ 3.3 ሳይሆን 1.8 ቮልት ይሰጠዋል። የአብዛኛው ቦርድ ፍላሽ በ1.8 አይነበብም፣ ስህተቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በዝቅተኛ ምልክት የሚበራ የሪሌይ ሞጁል ደግሞ መግቢያውን ራሱ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሽቦውን ነቅለህ ሪሴት በል። ከተነሳ ወደ 26 ወይም 27 አዛውረው፣ ኮዱ ላይም ቁጥሩን ቀይር።

ሚሊቮልት፦ እኔም ወደዚያው እየመጣሁ ነበር። ሪሌዩን በ5 ቮልት ከመገብከው ያ ቮልቴጅ በመግቢያው በኩል ወደ ፒንህ ይመለሳል። «ጄዲ ቪሲሲ» የሚል ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ መሰኪያ) ካለው ንቀለው። 5 ቮልቱን ለሪሌዩ (ጄዲ ቪሲሲ ለሚለው ፒን)፣ 3.3ቱን ቪሲሲ ለሚለው ፒን ስጥ።

ትራንዚስተር፦ ፒን መቀየር ከሰለቸህ ኢፊውዙን (ቺፑ ውስጥ ያለውን፣ አንዴ ብቻ የሚጻፍ ቅንብር) በ3.3 ቆልፈውና ተገላገል። ከዚያ 12 ላይ የፈለግከውን ስካ።

ብየዳ፦ እባክህ ለጀማሪ እንዲህ አትምከር! ኢፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ መመለሻ የለውም። ፍላሹ የ1.8 ዓይነት ከሆነ ቦርዱን ገደልከው ማለት ነው። አንድ ሽቦ ማዛወር ምን ይከብዳል?

ጠያቂ፦ አዎ 12 ነው! መጣሁ ልሞክረው።

ሰማያዊዋ፦ እሺ? ተነሳ ወይስ አልተነሳም?

አዲስ ገቢ፦ የእሱ ምን እንደሆነ ባላውቅም እኔም ያው ስህተት እያየሁ ነው። 12 ላይ ግን ምንም የለም። ያለኝ ፒን 8 ላይ አንድ በተን ነው።

ብየዳ፦ 8 ጭራሽ አይነካም። ከ6 እስከ 11 ያሉት ከፍላሹ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ቦርዱ ላይ ቢወጡም ለአንተ አይደሉም። በተኑን ወደ 32 ወይም 33 ውሰደው። 34 እና ከዚያ በላይ ያሉት ውስጣዊ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ ላይ የሚጎትት ሬዚስተር) የላቸውም፣ ለበተን አትምረጣቸው።