የጋራ ሐሳባችን ከየት ይጀምር? የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ሰላም አባላት። ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) በሜካኒካል ሥራ ለመሞከር የምናቀርበው ረቂቅ ሦስት መስመር ይዟል፤ ዲዛይን፣ ጥገና፣ ሰነድ። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። የቱ ይቅደም?

የዲዛይን አባል፦ ዲዛይን ነዋ! ጄኔራል ሞተርስ በ2018 ከሶፍትዌር ሠሪው አውቶዴስክ ጋር፣ ቅርጹን ኮምፒውተር እያመነጨ የሠራውን የመኪና ወንበር መያዣ አስታውሱ። 8 ቁራጭ የነበረው አንድ ሆነ፤ ክብደቱም በ40 በመቶ ቀነሰ።

የጥገና አባል፦ ያምራል። ግን ያ ቅርጽ ብረት በምንጠርብባቸው በቶርኖና በፍሬዛ አይወጣም፤ የብረት ስሪዲ ፕሪንተር ይፈልጋል። ማን ጋ አለ?
እኔ ከንዝረት እንጀምር ባይ ነኝ። በደቂቃ 1500 የሚዞር ሞተር በሴኮንድ 25 ዙር ነው። ሚዛኑ ከተዛባ 25 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሴኮንድ 25 ጊዜ ይመታል። ከፓምፑ ጋር በልክ ካልተገጠመ ብዙ ጊዜ እጥፉ፣ 50 ላይ ይጮኻል። የተበላ ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያዞረው ባለ ኳስ ቀለበት) ደግሞ እንደ ኳሶቹ ቁጥርና መጠን የራሱ ምት አለው። ይህን አንድ ባለሙያ ለአንድ ፓምፕ ያነበዋል፤ ለፋብሪካ ሙሉ ፓምፕ ግን አይደርስም። ሶፍትዌሩ የሚያግዘን እዚያ ላይ ነው።

የዲዛይን አባል፦ የብልሽት መረጃ ከየት ይመጣል? ማሽን እስኪሰበር ልንጠብቅ ነው?

የጥገና አባል፦ አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ የጤናማውን ማሽን ንዝረት ይማር፤ ሲለወጥ ይንገረን። የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የኩሽኔታ መረጃ ለልምምድ ክፍት ነው። ጉዳቱ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የኛን አቧራና ግራሶ አያውቅም።
አንድ ነገር ይጻፍልኝ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ወደ 1480 ይወርዳል፤ እጥፉ 49.3 ገደማ ይሆናል። የንዝረት ቀረጻው አጭር ከሆነ የሞተሩና የመብራቱ ምት ይደባለቃሉ።

የሰነድ አባል፦ የኔ መስመር ቢቀር አልከፋም፤ ግን አንድ ደንብ ይግባ። ቻትቦት ቶለራንስ (ከልኩ የተፈቀደ ልዩነት) ሲጠየቅ የተሳሳተውንም በልበ ሙሉነት ይናገራል። ለምሳሌ ኤች7 በሚባለው የቶለራንስ ደረጃ የ25 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከ0 እስከ 21 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው የሚሰፋው። የቶለራንስ ሠንጠረዡን ያላየ አይፈርም።

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ እንዲህ ላርመው። ንዝረት ይቅደም። ቀረጻው ረዘም ይበል፤ የተለመደው የጥገና ፍተሻም ጎን ለጎን ይቀጥል። የቶለራንሱ ደንብ ለሁሉም ይሠራል። ዲዛይን ለሚቀጥለው ዙር። ፓምፕ የሚያውሰንስ?

የጥገና አባል፦ አለቆቼን ልጠይቅ። ከፈቀዱም የንዝረት ሴንሰሩን የምንለጥፈው ማሽኑ ለጥገና ሲቆም ብቻ ነው።