ለመኪና የገዛሁት ዘይት ለሞተር ሳይክሌ ይሆናል?

ባለ 150፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ያገለገለ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። ባለ አራት ስትሮክ ነው፤ ማርሹ በእግር ነው የሚገባው። የበፊቱ ባለቤት ምን ዘይት ይጠቀም እንደነበር ብጠይቀው «ጋራዥ የሞሉልኝን ነው» አለኝ። ማንዋሉ 10ደብሊው-40፣ ጃሶ ኤምኤ ይላል። ቤት ደግሞ ለመኪናዬ ከገዛሁት 5ደብሊው-30 ሙሉ ሲንተቲክ ያልተከፈተ አንድ ሊትር ተርፎኛል። አንዱ ጓደኛዬ «ዘይት ያው ዘይት ነው፣ ገልብጥበት» ይለኛል። ሌላው «ሲንተቲክ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል» ብሎ አስፈራራኝ። ማንን ልስማ?

ፍሪሲዮን ፈቺ፦
ሁለቱንም ተዋቸውና ማንዋልህን ስማ፣ ወንድሜ።

መኪና ላይ ሞተሩ የራሱ ዘይት አለው፣ ካምቢዮውም የራሱ። ያንተ ላይ ግን ያው አንዱ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሾቹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። አንዱ ባዶ ብረት፣ ቀጣዩ የሚይዝ ሽፋን ያለው፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። ስፕሪንጎቹ ሲጫኗቸው እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። ዘይቱ ፒስተኑ ጋ ሰበቃን መቀነስ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ለመያያዝ የሚበቃ ሰበቃ መተው ይጠበቅበታል።

ብዙዎቹ ቀጠን ያሉ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብሎ ሰበቃን ይበልጥ የሚቀንስ ቅመም ይገባባቸዋል። ለመኪናው ጥሩ ነው። ላንተ ዲስኮች ግን ጠላት ነው። ጃፓኖች ጃሶ የሚባለውን የሞተር ሳይክል መለኪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ኤምኤ ማለት «ዲስክ ይይዛል» ማለት ነው። ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 የዚያው ክፍልፋዮች ናቸው፤ ኤምኤ2 ላቅ ያለ ሰበቃ አለው።

እስቲ የተረፈህን ዘይት ጀርባውን አዙረህ እይ። ክብ የኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት) ምልክት ይኖራል። መሃሉ ላይ ውፍረቱ፣ ከላይ ደረጃው ተጽፏል። ከታች በኩል «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» (ነዳጅ ቆጣቢ እንደማለት ነው) የሚል ካለበት ወደ ሞተር ሳይክልህ አታስጠጋው። የጃሶ ምልክት ደግሞ ሳጥን ነው፤ ከላይ ኮድ፣ ከሥሩ ኤምኤ ወይም ኤምቢ።

የሲንተቲኩ ወሬ እውነት አይደለም። ፍሪሲዮን የሚያንሸራትተው ቅመሙ ነው እንጂ ዘይቱ ሲንተቲክ መሆኑ አይደለም። ኤምኤ2 የሆነ ሙሉ ሲንተቲክ ሞልቷል።

ስኩተር ነጂ፦
የኔ ላይ ኤምቢ የሚል ዘይት ነው የተሞላው። ስህተት ነው ማለት ነው?

ፍሪሲዮን ፈቺ፦
አይደለም እህቴ። ቀበቶ ያለው አውቶማቲክ ስኩተር ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ የሞተሩ ዘይት አይነካውም። ኤምቢ የተሠራው ለእንደዚያ ዓይነቱ ነው። ማንዋልሽ ኤምቢ ካለ አትቀይሪው። የኋላ ጎማው ማርሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ትንሽ ዘይት አለው፤ እሱ እንዳይረሳ።

ባለ 150፦
አየሁት፣ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ይላል። ለመኪናው አስቀምጠዋለሁ። ግን 5ደብሊው-30 ሆኖ ኤምኤ ያለው ባገኝስ?

ፍሪሲዮን ፈቺ፦
ማንዋሉ 10ደብሊው-40 ካለ እሱን ሙላ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ያለውን ጠባይ ነው የሚነግርህ። 40 ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለውን ውፍረት። አንድ ነገር ልብ በል፦ ማርሾቹ ዘይቱን ይፈጩታል። ውፍረቱን የሚጠብቁት ረጃጅም ሞለኪውሎች በጥርሶቹ መሃል ይቆራረጣሉ፤ 40 የነበረው እየቀጠነ ይሄዳል። ከ30 ከጀመርክ ወዴት እንደሚወርድ አስበው። ማርሹ ማንገራገር ሲጀምርና ኒውትራል አልገኝ ሲልህ ብዙ ጊዜ ዘይቱ አርጅቷል።

ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ መሆኑን የምታውቀው ዳገት ላይ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ትሰጠዋለህ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። እንዲህ የሆኑትን ስፈታ ሽፋኑ ገና ሳያልቅ ፊቱ እንደ መስታወት ሲያብለጨልጭ አገኛለሁ። ጣትህን ብታሳርፍበት ይንሸራተታል። ያኔ ዘይት መቀየር ብቻ አያድነውም፣ ዲስክ መግዛት ይመጣል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ትክክለኛው ዘይት ቢሞላ ኖሮ ያ ዲስክ ገና ብዙ ይሠራ ነበር።

ባለ 150፦
ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

ፍሪሲዮን ፈቺ፦
ትንሽ አስነስተህ ለብ ሲል አፍስሰው። የማፍሰሻውን ቡሎን ሮንዴላ አዲስ አድርግ፤ ቡሎኑንም በጉልበት አታጥብቀው። የሚገባበት አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ከሞላህ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አስነሳው፣ አጥፋው፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቅ። ስትለካ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በጎን እግሩ አዘንብሎ ከለካኸው ውሸት ነው የሚነግርህ። መለኪያው ተጠምዝዞ ነው ወይስ ሳይጠመዘዝ የሚለካው? ይሄ እንደየሞዴሉ ስለሚለያይ ማንዋሉን እይ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፍ፤ የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻውም ወደ አየር ማጣሪያው ይወጣል።

ዘይቱ ቢጠቁር አትደንግጥ፣ ጥቀርሻ እየሰበሰበ ነው። እንደ ወተት ነጣ ካለ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ አሳየው። ያሁኑ ዘይትህ ምንነቱ ስለማይታወቅ የመቀየሪያውን ኪሎሜትር አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ቀይረው። የዘይት ወንፊት ካለውም አውጥተህ እጠበው። ወንፊቱ ላይ የሽፋን ብጣሽ ካገኘህ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አየዋለሁ።