ሲ2ሲ12 የጡንቻ ሕዋስ ሲራብ ኤልሲ3-2 ለምን ቀነሰ? ኦቶፋጂው ተገቷል ማለት ነው?

ማህሌት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአይጥ ጡንቻ ሕዋስ መስመር የሆነውን ሲ2ሲ12 በ2 በመቶ የፈረስ ሴረም ለ5 ቀናት አሳድጌ ማዮቲዩብ (ሕዋሳት ተዋህደው የሚሠሩት የጡንቻ ክር) ከሆነ በኋላ፣ አሚኖ አሲድና ሴረም በሌለው የጨው ፈሳሽ፣ በኢቢኤስኤስ፣ ለ4 ሰዓት አስርቤዋለሁ። አሚኖ አሲድ ሲጠፋ ኤምቶር (ምግብ ሲኖር የሚነቃው ኪናዝ) ይዳከማል፣ ኦቶፋጂ (ሕዋሱ የራሱን ክፍሎች የሚፈጭበት ሂደት) ይነሳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በዌስተርን ብሎት ላይ ግን የኦቶፋጂ ምልክት የሆነው ኤልሲ3-2 ከተመገበው ሕዋስ አንሶ ታየ። በኦቶፋጂ የሚፈጨው ፒ62ም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ የጨመረ ይመስላል።

የተጠቀምኩት ሪፓ የተባለ ሕዋስ መፍቻ ቡፈር፣ 12 በመቶ ጄል፣ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር የሆነ ፒቪዲኤፍ ሜምብሬን ሲሆን ማነጻጸሪያዬ ጂኤፒዲኤች ነው። ላይሶዞም እንዳይፈጭ የሚያግደውን ባፊሎማይሲን አልጨመርኩም። ኦቶፋጂው ተገቷል ብዬ ልደምድም? የሚቆጣጠረው የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ ለማሳየትስ ምን ልጨምር?

ናትናኤል

ማህሌት፣ ከዚህ ብሎት ተነስተሽ ተገቷል ማለት አትችይም። ነገሩ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ኤልሲ3-2 በኦቶፋጎዞሙ (የሚፈጨውን በሚከበው ከረጢት) ሽፋን ላይ የተጣበቀ ነው፤ ኦቶፋጎዞሙ ከላይሶዞም (ከሕዋሱ መፍጫ) ጋር ሲዋሃድ በውስጠኛው ሽፋን ላይ ያለው አብሮ ይፈጫል። የምታይው ባንድ እንግዲህ ከተሠራው ላይ የተፈጨው ተቀንሶ የቀረው ነው። ረሃቡ በርትቶ ላይሶዞሙ ፈጥኖ ከፈጨ ባንዱ ይሳሳል። ላይሶዞሙ ሥራ ቢያቆም ደግሞ ባንዱ ይወፍራል፣ ኦቶፋጂው ግን ዳር ሳይደርስ ቀርቷል።

የሚያስፈልግሽ አራት ጉድጓድ ነው፦ የተመገበ፣ የተመገበ ከባፊሎማይሲን ጋር፣ የተራበ፣ የተራበ ከባፊሎማይሲን ጋር። ባፊሎማይሲን ኤ1ን በመጨረሻዎቹ 2 ሰዓታት በ100 ናኖሞላር ጨምሪ። 10 ማይክሮግራሙን በ160 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ ብታሟሚው 100 ማይክሮሞላር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ለ1 ሚሊሊትር ሚዲያ 1 ማይክሮሊትር ይበቃል። ባፊሎማይሲን ላልገባባቸው ጉድጓዶችም ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ስጪ። ከ4 ሰዓት በላይ አታቆይው፤ ላይሶዞሙ ሲታወክ ኤምቶር ራሱ ስለሚነካ የምትለኪው ነገር ይደበላለቃል።

ስሌቱ፦ ባፊሎማይሲን ያለበት ኤልሲ3-2 ሲቀነስ የሌለበት። ይህን ልዩነት ለተመገበውና ለተራበው ለየብቻ አውጥተሽ አነጻጽሪ። የተራበው ልዩነት ከበለጠ የኦቶፋጂው ፍሰት (ተሠርቶ እስኪፈጭ ያለው ጉዞ) ጨምሯል፣ ያለ ባፊሎማይሲን ያለው ባንድ ቢሳሳም እንኳ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የተመገበው ሕዋስ ሚዲያው የተቀየረለት መቼ ነው? ማዮቲዩብ ብዙ ይበላል። ሚዲያው የሁለት ቀን ከሆነ «የጠገበው» ሕዋስሽም በከፊል ርቦታል፣ ኤልሲ3-2ውም ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሙከራው ከመጀመሩ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት ለሁሉም ጉድጓድ አዲስ ሚዲያ ስጪ።

ሰብለ

ናትናኤል ባለው ላይ የብሎቱን ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ኤልሲ3-1 16 ኪሎዳልተን አካባቢ፣ ኤልሲ3-2 14 አካባቢ ይታያል። ሁለተኛው ቅባት ስለተጣበቀበት በክብደት ይበልጣል፤ ያ ቅባት ግን በጄሉ ውስጥ ፈጥኖ እንዲወርድ ያደርገዋል። በ12 በመቶ ጄል ሁለቱ ተጣብቀው ሊወጡ ስለሚችሉ 15 በመቶ አድርጊው፣ ሰማያዊው ቀለም ከጄሉ ሳይወጣ አቁሚው። ሜምብሬኑን ወደ 0.2 ማይክሮሜትር ቀይሪ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ፕሮቲን 0.45ን አልፎ ይሄዳል። ፒቪዲኤፉን መጀመሪያ በንጹህ ሜታኖል አርጥቢ፣ የማስተላለፊያ ቡፈርሽም 20 በመቶ ሜታኖል ይኑረው። በ100 ቮልት፣ በበረዶ ላይ፣ 1 ሰዓት ይበቃል።

የሁለቱን ባንዶች ጥምርታ አትውሰጂ። አንቲቦዲው ሁለቱን እኩል አይዝም፣ ኤልሲ3-1 ደግሞ ናሙናው በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ይበላሻል። ኤልሲ3-2ን ብቻ ውሰጂና በጠቅላላ ፕሮቲን አካፍዪ። ጂኤፒዲኤች የግሉኮስ መንገድ ኤንዛይም ስለሆነ ረሃብን ለሚያጠና ሙከራ አላምነውም። ቤታ አክቲንም ማዮብላስት (ገና ያልተዋሃደው የጡንቻ ሕዋስ) ወደ ማዮቲዩብ ሲያድግ ይቀንሳል። ጠቅላላ ፕሮቲኑን የሚያሳየውን ቀለም፣ ፖንሶን፣ ቀብተሽ ፎቶ ማንሳት ከሁለቱም ይሻላል፣ ርካሽም ነው።

ስለ ሪፓ፦ ፒ62 በክምችት መልክ ሲሆን በቀላል ዲተርጀንት አይሟሟም፣ ከዝቃጩ ጋር ይጣላል። ሕዋሱን በቀጥታ 2 በመቶ ኤስዲኤስ ባለው ሙቅ ቡፈር ፍቂው፣ ዲኤንኤው እንዲሰባበር ሶኒኬት አድርጊ፣ 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አቆይው። የፎስፈተዝ መከላከያም አትርሺ፤ ያለ እሱ ፎስፎ አንቲቦዲዎችሽ የሚያሳዩሽን ማመን አትችይም። ማዮቲዩብ በቀላሉ ስለሚላቀቅ ማጠቢያውን በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል ቀስ ብለሽ አፍስሺ፣ 37 ዲግሪ የሞቀ ይሁን። አንዱ ጉድጓድ ማዮቲዩቡን ጥሎ ማዮብላስት ብቻ ከቀረበት የምታነጻጽሪው ሁለት የተለያየ ሕዋስ ነው።

ግዛቸው

ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ልለፍ።

ፒ62 አለመቀነሱ አያስደንግጥሽ። ይፈጫል፣ ግን ጂኑም በውጥረት ጊዜ ስለሚነቃ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ የፒ62ን ኤምአርኤንኤ በኪውፒሲአር ለኪ። ኤምአርኤንኤው ከጨመረ ፕሮቲኑ ባለበት መቆሙ ብቻውን የኦቶፋጂ መገታት ማስረጃ አይሆንም።

ኤምቶር መዳከሙን መጀመሪያ አረጋግጪ፦ ኤስ6 ኪናዝ በትሪዮኒን 389 ላይ ያለው ፎስፌት በተራበው ሕዋስ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ረሃቡ አልደረሰም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሴረሙ በደንብ አለመታጠቡ ነው፣ ሁለት ጊዜ እጠቢ። በሌላ በኩል ረሃቡ በጣም ሲረዝም ከላይሶዞም የሚወጣው አሚኖ አሲድ ኤምቶርን መልሶ ያነቃዋል። ስለዚህ በ30 ደቂቃ፣ በ1፣ በ2 እና በ4 ሰዓት ናሙና ውሰጂ።

ቀጥሎ ኦቶፋጂን የሚያስነሳው ኪናዝ፣ ዩኤልኬ1። ኤምቶር በሴሪን 757 ላይ ፎስፌት አስቀምጦ ይይዘዋል፤ ቁጥሩ የአይጥ ነው፣ በሰው 758 ይሆናል። ኤኤምፒኬ (ጉልበት ሲያንስ የሚነቃው ኪናዝ) ደግሞ በሴሪን 317 እና 777 ላይ ያነቃዋል። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ ኢቢኤስኤስ በሊትር 1 ግራም ግሉኮስ አለው። ከውስጡ የጠፋው አሚኖ አሲድና ሴረም ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ስለዚህ 757 ሲቀንስ ታያለሽ፣ ኤኤምፒኬ ግን ብዙም ላይነሳ ይችላል። የኤኤምፒኬን ድርሻ ለማየት ግሉኮስ የሌለው ሚዲያ ለብቻው ሞክሪ፣ ኤኤምፒኬን በትሪዮኒን 172 ተከታተዪ። ለኤምቶር ማረጋገጫ ኤምቶርን የሚገታው ቶሪን 1 በ250 ናኖሞላር ጥሩ ነው። ራፓማይሲን የኤምቶርን ሥራ በከፊል ብቻ ስለሚገታ በእሱ ብቻ አትወስኚ።

በጡንቻ ላይ ግን ኤምቶር ብቻውን ሙሉ መልስ አይሰጥም። በ2007 የወጡት የአይጥ ጡንቻ ጥናቶች ጂን አስነባቢው ፕሮቲን ፎክስኦ3 የኤልሲ3፣ የቢኤንአይፒ3 እና የሌሎች ኦቶፋጂ ጂኖችን ንባብ እንደሚያስነሳ አሳይተዋል። በኢንሱሊን የሚነቃው ኪናዝ ኤኬቲ ፎክስኦ3ን ፎስፌት እየለጠፈ ከኒውክሊየስ ውጭ ያቆየዋል፤ ኢንሱሊን ሲጠፋ ፎክስኦ3 ተመልሶ ይገባል። ያው ፎክስኦ3 ፕሮቲኖችን ለፕሮቲዞም የሚያመላክተውን አትሮጂን-1ንም ስለሚያነሳ የፕሮቲዞሙ መንገድም አብሮ ይከፈታል። ይህ መንገድ ጂን ማስነበብ ስለሚጠይቅ ሰዓታት ይወስዳል፤ የዩኤልኬ1ን ለውጥ ግን በደቂቃዎች ታያለሽ። በ30 ደቂቃ ያየሽውን ለፎክስኦ3 አትስጪ።

ማህሌት (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ሚዲያው የተቀየረው ከሙከራው አንድ ቀን ተኩል በፊት ነው፤ አሁን አስተካክለዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ውጤቱን በሕይወት ባለ አይጥ ጡንቻ ለማየት ባፊሎማይሲን መስጠት ይቻላል?

ናትናኤል

ለጡንቻ የተለመደው ኮልቺሲን ነው፦ በኪሎግራም 0.4 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ለ2 ቀናት፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ። ኮልቺሲን ማይክሮቲዩብን በማፍረስ ኦቶፋጎዞሙ ወደ ላይሶዞም እንዳይደርስ ያደርጋል። መርዛማ ስለሆነ አይጡ የሚበላውን ምግብና ክብደቱን መዝግቢ፤ መብላት ካቆመ ያልተራበው ቡድንሽም ተራበ ማለት ነው። የእንስሳት ጥናት ፈቃድ ማመልከቻሽ ላይ መድኃኒቱንና መጠኑን በግልጽ ጻፊ።

ጡንቻ ስትመርጪም ኢዲኤልንና ሶሊየስን፣ ሁለቱን የእግር ጡንቻዎች፣ አታቀላቅዪ። በ24 ሰዓት ረሃብ ፈጣኑ ኢዲኤል ከዘገምተኛው ሶሊየስ ይልቅ ብዙ ኦቶፋጎዞም ያሳያል። ሁለቱን አብረሽ ብትፈጪ ልዩነቱ ይጠፋብሻል። እንደወጣ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዢው፣ ኢዲኤልና ሶሊየስን በየራሳቸው ቱቦ አስቀምጪ።