«ጮርቃ» ስድብ ነው ወይስ የጊዜ መለኪያ?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ፦ በእድራችን ስብሰባ አንድ የ24 ዓመት ወጣት መዋጮው በቴሌብር እንዲሰበሰብ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አንድ አባት «ይህ የጮርቃ ሐሳብ ነው» አሉትና ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ንግግሩ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። እኔ ስድብ ነውና ይሰረዝ ባይ ነኝ። በቤተሰብ ሕጉ አካለ መጠን ያላደረሰ የሚባለው 18 ዓመት ያልሞላው ሆኖ ሳለ፣ ትዳር መመሥረትና ንብረቱን ራሱ ማስተዳደር የተፈቀደለትን ሰው በምን ሚዛን ጮርቃ እንለዋለን?

ተከራካሪ፣ ከቃሉ ወረዳ፦ እኅቴ፣ ሕጉ ያስቀመጠው ዕድሜ የሐሳብን ብስለት አይለካም። ያደግሁት በማሽላ ማሳ ነው። በጥቅምት አባቴ ከዛላው አንዲት ፍሬ ፈልቅቆ በጥፍሩ ይጫናታል፤ ወተት የመሰለ ውኃ ቢወጣት «ገና ጮርቃ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ጠጠር ካለች ግን እሸት ደረሰ ተብሎ እሳት ይነድዳል። ጮርቃ ነው ብሎ ነቅሎ ሲጥል አላየሁም፤ ከወፍ ይጠብቀው ነበር እንጂ። ጥሬና ጮርቃም ይለያያሉ፤ ጥሬ የሚፈልገው እሳት፣ ጮርቃ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ታዲያ ስድቡ የቱ ላይ ነው?

ተከራካሪ፣ ከሐይቅ ከተማ፦ ጋሼ፣ ስለ ማሳው የተናገሩት እውነት ነው፤ ቃሉ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ጣዕም ያመጣል። «ለጋ» ማለትም ያልጠና ማለት ነው፤ ነገር ግን ለጋ ቅቤ ስንል እያሞገስን ነው፣ ለጋ ወጣት ስንልም እየሳሳንለት ነው። ጮርቃ ኮክ የነከሰ ሰው ግን አፉ እንዴት እንደሚጨማደድ ያውቃል፤ ያ ጉምዛዜ ቃሉን እስከ ሸንጎ ይከተለዋል። ደግሞም አባትየው «ጮርቃ ሐሳብ» ቢሉ ኖሮ የተነቀፈው ሐሳቡ ብቻ ነበር። «የጮርቃ» ሲሉ ግን ጮርቃው ልጁ ራሱ ሆነ። ነገሩ ያለው በዚያች «የ» ላይ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከደሴ፦ ይህን ልብ አላልሁትም ነበር። ዛሬ ረፋድ አባትየውን ስጠይቃቸው፣ ያሳሰባቸው ሞባይል የሌላቸው እናቶች መዋጯቸውን እንዴት ይክፈሉ የሚለው እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ ይህን ያኔውኑ ተናግረው ቢሆን ልጁም መልስ ይኖረው ነበር። ስለዚህ ቃሉ ይሰረዝ ማለቴን ትቼ፣ «የ» ወጥታ የሐሳቡ ጉድለት ከአጠገቡ እንዲጻፍ በሚቀጥለው ስብሰባ እጠይቃለሁ።